አማርኛ የማይችለው መምህር

እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ይህን ስናገር አንዳንድ ሰው በአክብሮት ቀና ብሎ ያየኛል፤ እባካችሁ አትቸኩሉ። እንግሊዝኛ ማስተማርና እንግሊዝኛ መናገር፣ ቢያንስ በእኛ በመካነ ሰላም፣ እንደ ሁለት ጎረቤታሞች ናቸው። ሰላምታ ይለዋወጣሉ እንጂ ቤት ለቤት አይገባቡም።

ለዓመታት ዘጠነኛ ክፍልን እንግሊዝኛ ያስተማርኩት ጥርት ባለ አማርኛ ነው። «ዛሬ የምንማረው ፓሲቭ ቮይስ ይባላል። አድራጊው ሲጠፋና ተደራጊው ወደ ፊት ሲመጣ ማለት ነው። ገባችሁ?» እላለሁ። «ገብቶናል ቲቸር!» ይላሉ። ደግሞም ገብቷቸዋል። ከመካከላቸው ስለ እንግሊዝኛ በአማርኛ ግማሽ ቀን ሊያወራ የሚችል ሞልቷል። በእንግሊዝኛ «ውሃ ጠማኝ» የሚል ግን ቢፈለግ አይገኝም። እኔም ደመወዜን እየበላሁ፣ እነሱም ፈተናቸውን እየገመቱ፣ ተከባብረን እንኖር ነበር።

ይህን ሰላም ያደፈረሰው አቀስታ ላይ የተጠራ ስልጠና ነው። «እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ ብቻ» ይላል ርዕሱ። ከወግዲውም፣ ከከላላውም፣ ከእኛም ወረዳ ያለው የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሁሉ በሚኒባስ ተጠቅጥቆ ሄደ። አሰልጣኙ ከከተማ የመጣ ወጣት ነው። ሸሚዝና ስስ ኮት ለብሶ መጣና የአቀስታ ብርድ ገና በመጀመሪያው ጠዋት ልኩን አሳየው፤ ከዚያ በኋላ ስልጠናውን የሰጠን ከሆቴሉ በተዋሰው ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ዓይኑን ብቻ እያሳየ ነው።

«መምህራን ሆይ» አለ ከብርድ ልብሱ ውስጥ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አማርኛ ከእንግሊዝኛ ክፍል መውጣት አለበት። አንዲት ቃል እንኳን!» ይህን ያለው በአማርኛ ነው። ከዚያ በፊት ያለውንም፣ ከዚያ በኋላ ያለውንም ያለው በአማርኛ ነው። አንድ የከላላ መምህር እጁን አወጣና «ይህን ስልጠና ራሱን በእንግሊዝኛ ብናደርገውስ?» ብሎ ጠየቀ።

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ አሰልጣኙ፤ «ግን ጊዜ እንዳይወስድብን።» ቀጠለ።

በመጨረሻው ከሰዓት በኋላ «እስቲ አንድ ሰው ተነሥቶ የተማርነውን በእንግሊዝኛ ያጠቃልልልን» ሲል አዳራሹ ሙሉ አንገቱን ደፋ። ሰው ሁሉ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ፤ ክር የሌለው ጫማ ያደረገውም ጭምር። እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበርና ድንገት ዝም ሲባል ነቃሁ፤ ቀናም አልኩ። በዚያ አዳራሽ ቀና ያለ ጭንቅላት የእኔ ብቻ ነበር።

«እርስዎ፣ ፕሊዝ!»

ተነሣሁ። «ቱዴይ ዊ ለርንድ ሜኒ ቲንግስ» አልኩ። ምን እንደተማርን ስለማላውቅ «ሜኒ፣ ሜኒ፣ ሜኒ ቲንግስ» ብዬ አጠነከርኩት። ጭብጨባው አዳራሹን ሊያፈርሰው ደረሰ። በዚያው ቀን የእንግሊዝኛ አስተማሪዎች ከእንግሊዝኛ እንዳይወጡ የሚረዳ የትምህርት ቤታችን ተጠሪ ሆኜ ተሾምኩ።

ርዕሰ መምህራችን አቶ ይመር ይህን ሲሰማ ደስታው ወሰን አጣ። ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ነውና ነገር ሁሉ በትእዛዝ የሚቀላቀል ይመስለዋል። «በቃ፣ መምህራኑን ትረዳለህ» አለኝ።

«እኔንስ ማን ይረዳኛል?»

«አብሽር፣ አላህ አለ።»

ሥራዬን የጀመርኩት በዘይነባ ነው። ዘይነባ ከጎኔ ያለውን ክፍል የምታስተምር፣ ምላሷ የተባረከ ባልደረባዬ ናት። ተስማማን፦ እኔ ከክፍሉ ኋላ እቀመጣለሁ፤ አማርኛ ሲያመልጣት አስላለሁ፤ እሷም ወደ እንግሊዝኛዋ ትመለሳለች። ሲነገር ቀላል ነበር።

«ጉድ ሞርኒንግ ክላስ። ሲት ዳውን። ይኼን መስኮት ማነው የከፈተው?»

እህ!

«ሶሪ። ቱዴይ ዊ ዊል... እስቲ ዝም በሉ!»

እህ! እህ!

«ቱዴይ ዊ ዊል ለርን... አንተ ከኋላ፣ ጥርስህን ምን ያስከፍትሃል?»

እህ እህ እህ!

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ጉሮሮዬ ተልጦ ድምፄ እንደ ወፍጮ ሆነ። እንዲህ አድርጌ ሳምንቱን ሙሉ ሳልኩ። ተማሪዎቹ ደግሞ ማታ ማታ ቤታቸው ሲገቡ «አንድ መምህር ከክፍላችን ኋላ ተቀምጦ ሲያስል ይውላል» ብለው አወሩ። መካነ ሰላም ደግሞ ወሬ የሚያድርባት ከተማ አይደለችም። ሻይ ቤት ስገባ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ስልክ እንደተደወለለት ሆኖ ይነሣል። አስተናጋጇ ሻዩን ከሩቅ ገፋ ታደርግልኛለች። የቤት አከራዬ እትዬ ፋጤ የምጠጣበትን ኩባያ ለይታ መስኮቱ ላይ ለብቻው አስቀመጠችው፤ ነጭ ሽንኩርት በማርም አመጣችልኝ።

«ልጄ፣ ሐኪም ቤት አትሄድም? ዛሬ እኮ መድኃኒት አለው» አለችኝ በር ላይ ቆማ፣ አፏን በሻሿ ሸፍና።

«እትዬ፣ አልታመምኩም። ሥራዬ ነው።»

«ማሳል?»

«ማሳሉ ሳይሆን... ዘይነባን እንግሊዝኛ ውስጥ ለማቆየት ነው የማስለው።»

እትዬ ፋጤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «ኧረ በአላህ!» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ደረቴ መጨነቋን ትታ ስለ ጭንቅላቴ መጨነቅ ጀመረች።

በመጨረሻ የገላገለችኝ ራሷ ዘይነባ ናት። «ወንድሜ» አለችኝ፣ «አንተ ስታስል የሚጠፋብኝ አማርኛው አይደለም፤ እንግሊዝኛው ነው። ተወኝ። መጀመሪያ ራስህን ቻል።»

ራሴን ልችል ወሰንኩ። ተጠሪው ራሱ በአማርኛ ሲያስተምር ቢገኝ ምን ሊባል ነው? ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ በር ከገባሁበት እስከምወጣበት ድረስ ከተማሪ ጋር አንዲት የአማርኛ ቃል ላልነጋገር ማልኩ። ክፍል ውስጥም፣ ሜዳ ላይም፣ ቧንቧው ጋም።

እንግዲህ ያልተረጎሙትን ቃል በምልክት ማሳየት አለ። «ጃምፕ» ቀላል ነው፤ ዘለልኩ። «ስሊፕ» ቀላል ነው፤ ተኛሁ። «ፔሸንስ» የሚባለው መጣ፤ ትዕግሥት መሆኑ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ እጄን ጉንጬ ላይ አድርጌ፣ ዝም ብዬ ብዙ ቆየሁ። ተማሪዎቹ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው የክፍል አለቃዋ ማጽናናት አማራት። «ኦልሶ» ግን፣ «ደግሞ» ማለቷ ነው፣ አሸነፈችኝ። በእጅም፣ በእግርም፣ በቅንድብም ሞከርኳት፤ ልትታይ አልቻለችም። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ ውስጥ «ኦልሶ» ያለበትን አንቀጽ ሁሉ እንደ ጭቃ ዘለልኩት።

ቀስ በቀስ ክፍሉ ጸጥ አለ። መጀመሪያ አካባቢ የሻረግ የምትባል፣ ከከላላ አቅጣጫ ካለ ገጠር መጥታ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ በየቀኑ እጇን ታወጣ ነበር። ጥያቄዋን በአማርኛ ስትጀምር «ኢንግሊሽ ፕሊዝ!» እላታለሁ። ትቀመጣለች። በማግስቱ እንደገና ታወጣለች፤ እጇ ግን ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ከዚያ እስከ ትከሻዋ። ከዚያ እስከ ጠረጴዛው። አንድ ቀን ጭራሹን ቀረ። ሌሎቹም እንደ እሷ ሆኑ። አቶ ይመር በመስኮት ሲያልፍ ቆም ብሎ ያዳምጥና «ምን ዓይነት ሥነ ሥርዓት ነው!» ይላል። እኔም ሥነ ሥርዓት መሰለኝ።

ዝናችን ከዞን ድረስ ተሰማና የሱፐርቪዥን ቡድን መጣብን። አቶ ይመር ለሞዴልነት የእኔን ክፍል መረጠ። ትምህርቱ ስለ ምክር አሰጣጥ ነው፤ «ሹድ» የምትለዋን ቃል አጠቃቀም። ተማሪዎቹን ሳምንቱን ሙሉ አስጠናኋቸው። «አይ ኤም ሲክ» ስል በአንድ ድምፅ «ዩ ሹድ ጎ ቱ ዘ ዶክተር!» ይላሉ። «አይ ኤም ሃንግሪ» ስል «ዩ ሹድ ኢት!» ይላሉ። እንደ ዳዊት ደገሙት።

ቀኑ ደረሰ። የቡድኑ መሪ ወፍራም፣ ክራባት ያሰረ ሰው ነው፤ ከሁለት ጓደኞቹና ከአቶ ይመር ጋር ከኋላ ተደረደሩ። ትምህርቱ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ታመምኩ፤ ወደ ዶክተር ላኩኝ። ራበኝ፤ ብላ አሉኝ። መሪው ራሱን ይነቀንቃል፣ ይጽፋል፣ ይነቀንቃል። አቶ ይመር ከደስታው ብዛት ሊያበራ ምንም አልቀረው።

በሩ ተንኳኳ።

ባና የለበሱ፣ ዱላ የያዙ፣ የመንገድ አቧራ እስከ ጉልበታቸው የወጣ ሰው ገቡ። ገበያ ቀን ነበርና በቅሏቸውን አጥሩ ላይ አስረዋታል። የየሻረግ አባት አያ ደምሴ መሆናቸውን ያወቅሁት ልጅቱ ደንግጣ ብድግ ስትል ነው።

«እንዴት አደራችሁ?» አሉ።

ስድሳ የሚደርስ ተማሪ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ እኔን አየና ከደነው። የኋላዎቹ እንግዶችም እርስ በርስ ተያዩ። ሰላምታ ያቀረበ ሽማግሌ መልስ አጥቶ ሲቆም በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

«ጉድ ሞርኒንግ ሰር» አልኩ እኔ።

አያ ደምሴ በአዘኔታ አዩኝና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እኚህ ናቸው?»

የሻረግ መሬት መሬቱን አየች።

ከዚያ አያ ደምሴ ወደ እኔ ቀረብ አሉና፣ መስማት ለተሳነው እንደሚናገሩ ሆነው፣ ድምፃቸውን ከፍ፣ ንግግራቸውን ዝግ አደረጉ። ደረታቸውን መቱ። «እኔ! አባት!» በዱላቸው አመለከቱ። «እሷ! ልጅ!» በአየር ላይ ጣቶቻቸውን አራመዱ። «እኔ፣ ልጅ፣ መውሰድ! ቤት!»

አማርኛቸውን ለእኔ ሲሉ ሰበሩት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከእኔ እንግሊዝኛ ይሻል ነበር።

«ፕሊዝ ዌይት አውትሳይድ» አልኩ፤ በሩን በእጄ እያሳየሁ።

ተስፋ ቆረጡብኝና ወደ ኋላዎቹ ዞሩ። «እናንተስ አማርኛ ትሰማላችሁ?»

መሪው አፉን ከፈተ። ጠዋት ሲገባ ክፍሉ ውስጥ አማርኛ እንዳይነገር ያዘዘው እሱ ራሱ መሆኑ ትዝ ሲለው ጊዜ «የስ» አለ።

«ወይ መዓት! ይኼም የስ ነው» አሉ አያ ደምሴ። ያም ሆኖ፣ የሚሰማ ባይኖርም የመጡበትን ሳይናገሩ መመለስ አልሆነላቸውም። «እኔ ማንንም ልወቅስ አልመጣሁም። ልጄ እስከ ስምንተኛ ጎበዝ ነበረች፤ ቤት መጥታ የተማረችውን ስታወራ አላስተኛ ትለን ነበር። እዚህ ከመጣች ወዲህ እሁድ ስንቅ ልትወስድ ስትመጣ ዝም ነው። ምን ሆንሽ ስላት ‹አስተማሪው አማርኛ አይናገርም፤ የሚለውን አልሰማም፤ ከምቀመጥ ልመለስ› አለችኝ። ሰው የማይሰማውን ቁጭ ብሎ ሲያይ ቢውል ምን ይረባዋል? ትምጣና እናቷን ታግዝ።» ወደ እኔ ዞሩና አንጀት የሚበላ ነገር ተናገሩ፦ «እርስዎን አልቀየምም። የሰው አገር ሰው ነዎት። እናትዎስ እዚህ መምጣትዎን ያውቃሉ?»

እናቴ ወግዲ ናት። በዚያው ጠዋት ደውላ «ቁርስ በላህ?» ብላኛለች።

የሻረግ ደብተሯን ሰብስባ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችና ወደ በሩ መራመድ ጀመረች። «ሲት ዳውን» አልኳት። ቀና ብላ ሳታየኝ አለፈች። ከኋላ አቶ ይመር ‹ይሂዱ፣ ይሂዱ፣ አንተ ቀጥል› የሚል ምልክት በእጁ ያሳየኛል። የመሪው እስክሪብቶ ይጠብቀኛል። ልጅቱ በሩ ጋ ደረሰች። ከወጣች እንደማትመለስ አውቃለሁ፤ ከዚያ አቅጣጫ ወደ ቤት ሄደው የቀሩ ሴት ልጆችን አንድ ሁለት ብዬ ልጠራላችሁ እችላለሁ።

«የሻረግ፣ አትሂጂ!» አልኩ። «አያ፣ በእናትዎ፣ ይተዉልኝ!»

 የአያ ደምሴ ዱላ ከእጃቸው ሊያመልጥ ደረሰ።

«አማርኛ!» አሉ። «እንዴት ያለ አማርኛ ነው ጃል! ስንት ጊዜዎ ነው አገራችን ከመጡ?»

«የወግዲ ልጅ ነኝ።»

«ወግዲ? ወግዲም ፈረንጅ ገባ?»

ስንት ሳምንት ታፍኖ የከረመ ሳቅ ክፍሉን አናጋው። አያ ደምሴ ግን አልሳቁም። ነገሩን ሲያብላሉት ቆዩና ፊታቸው ተለወጠ።

«ቆይ። ይችላሉ ማለት ነው?»

«እችላለሁ።»

«ድሮም?»

«ድሮም።»

«ታዲያ ልጄ ግራ ሲገባት እያዩ ዝም ያሉት ተጣልታችሁ ነው? እኛ አገር ሁለት ሰው ቋንቋ እያለው የማይነጋገረው ሲኳረፍ ነው። ትልቅ ሰው ከልጅ ጋር ይኳረፋል?»

ስልጠና ላይ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልተሰጠንም። «ትእዛዝ ነው» አልኩ።

«የማኩረፍ ትእዛዝ!» አሉ አያ ደምሴ።

በዚህ መሃል በሩ ጋ የቆመችው የሻረግ እጇን አወጣች። እስከ ላይ ድረስ። «ቲቸር፣ ይኼ ሳምንቱን ሙሉ ‹ሹድ› የሚሉት ግዴታ ነው ወይስ ምክር?»

ሌሎቹን አየኋቸው። ሁሉም መልሱን እኩል እየጠበቁ ነው። «ዩ ሹድ ጎ ቱ ዘ ዶክተር» ብለው ሳምንቱን ሙሉ ሲጮኹ የከረሙት፣ ወደ ዶክተር ያዘዙኝ ይሁን የመከሩኝ ይሁን የረገሙኝ ሳያውቁ ነው።

«ምክር ነው» አልኳት። «‹ብታደርግ ይሻላል› እንደማለት። ሰሚው ከፈለገ ይቀበለዋል፤ ካልፈለገ ይተወዋል።»

«አሃ!» አለ ክፍሉ በሙሉ፣ አንድ ላይ።

የሻረግ ትንሽ አሰበች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረችና፣ ማንም ያላስጠናትን፣ ፈራ ተባ እያለች ተናገረች፦ «ፋዘር... ዩ ሹድ ጎ ሆም። አይ... ሹድ... ለርን።»

ጭብጨባ ሆነ።

«ምን አለች?» አሉ አያ ደምሴ።

«‹አባቴ፣ እርስዎ ወደ ቤት ቢመለሱ ይሻላል፤ እኔ ግን ብማር ይሻለኛል› ነው የምትለው» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ ከኋላ። የቡድኑ መሪ ነው። ራሱን ረስቶ ብድግ ብሏል፤ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኗል። አጠገቡ ያሉት ሲያዩት ክራባቱን አስተካክሎ ቁጭ አለ።

አያ ደምሴ ከእኔ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እኔ በዓይናቸው ተመላለሱ። «እርስዎም ይችላሉ? ለመሆኑ እዚህ ቤት ስንት ሰው ነው የተኳረፈው?»

መልስ ሳይጠብቁ የልጃቸውን ትከሻ መታ መታ አደረጉና «ተቀመጪ በይ፣ ከታረቃችሁ ምን አለኝ» ብለው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ የግምገማ ስብሰባ ተደረገ። በአማርኛ። የቡድኑ መሪ ጠንካራ ጎኔን አነበበ፦ ትምህርቱ እስከ መሃሉ ድረስ በእንግሊዝኛ ብቻ መሰጠቱ፣ ተማሪዎች በአንድ ድምፅ መመለሳቸው። ደካማ ጎኔን አነበበ፦ መምህሩ በእንግዳ ፊት አማርኛ ተናግሯል። ተማሪዋ ከተዘጋጀው ውጭ የሆነ ዓረፍተ ነገር ተናግራለች።

«ያ ዓረፍተ ነገር እኮ በእንግሊዝኛ ነበር» አለች ዘይነባ።

«ይሁን እንጂ ዕቅዱ ላይ የለም» አለ።

የተረጎመው ማን እንደሆነ ማንም አላነሣም። ከተጠሪነት ተነሣሁ።

አሁን እንግሊዝኛዬ እስከሚያደርሰኝ ድረስ በእንግሊዝኛ እሄዳለሁ፤ የልጆቹ ፊት ሲጨልም አንዲት የአማርኛ ቃል ጣል አደርግና እመለሳለሁ። የሻረግማ አላስቀምጥ አለችኝ። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ እጇን ታወጣለች፤ ባልተገራ እንግሊዝኛ ትከራከረኛለች፤ ክፍል ሳልዘጋጅ ከገባሁ ወየውልኝ። ሌሎቹም ከእሷ አይተው ይሳሳታሉ፣ ይተራረማሉ፣ ይጮኻሉ። አቶ ይመር በመስኮት ሲያልፍ ‹ሥነ ሥርዓት ጠፋ› እያለ ያዝናል።

በቀጣዩ ገበያ ድንች ልገዛ ስዞር አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ። አያ ደምሴ ናቸው፤ ከሦስት አራት ጎረቤቶቻቸው ጋር። ድምፃቸውን ከፍ፣ ንግግራቸውን ዝግ አድርገው «እን—ዴት፣ አ—ደሩ፣ መም—ህር!» አሉኝ። ከዚያ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው በኩራት «ይኸውላችሁ የነገርኳችሁ። የልጄ አስተማሪ። አማርኛን እንደ እኛው ነው የሚናገሩት» አሉ።

ጎረቤቶቹ ከበቡኝ። አንደኛው ጸጉሬን ተመልክቶ «መልካቸውስ ቢሆን ከእኛ ምን ይለያል!» አለ። ሌላው እጄን ጨብጦ «አብሽሩ፣ አገሩን ይለምዱታል» እያለ አጽናናኝ። ኧረ እኔ የዚሁ የወግዲ ልጅ ነኝ፣ አባቴም እናቴም እዚያው ናቸው ልላቸው፣ ሁሉንም ልዘረዝርላቸው አፌን ከፈትኩ።

የወጣው «ቴንክ ዩ» ነው።